ከዓ.ም በኋላ ምንም አይጻፍም

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት አነስተኛ ማሰልጠኛ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ሥራዬ ወሰን የለውም። ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ የምጠራው እኔ ነኝ፤ የዲኑ ስልክ በፎቶ ሲሞላ የማራግፈው እኔ ነኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል የራሴ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ሰርቨሩ ነው። ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሌላ አገር ለእንዲህ ያለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ይገዙለታል አሉ፤ የእኛን የጉና ንፋስ በነጻ ያቀዘቅዘዋል።

ቁጡ ሰው ነኝ። እናቴ «አንተን ያማጥሁ ቀን በርበሬ ስቀነጥስ ነበር» ትለኛለች። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ስጠየቅ ፊቴ ይለዋወጣል፤ ሦስተኛውን ማንም አይሞክረውም። በዚህ ጠባዬ ስኮራ ኖሬአለሁ፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው የሚለየው በቁጣው ነው ብዬ አስብ ነበር። የምጽፈው ነገር ከዚሁ ጠባይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አስቀድሜ መናገሩ ይሻላል።

መጀመሪያ ሰርቨሩ የሚሠራውን ላስረዳ፤ ረጅም አይደለም። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ድረ ገጻችንን ከፍቶ ማስታወቂያ ሲነካ ጥያቄው እዚያች ጠባብ ክፍል ይደርሳል። ሰርቨሩ የተጠየቀውን ፋይል ያነሣል፤ ከመላኩ በፊት ግን «ይህ የምልክልህ ነገር እንዲህ ያለ ነው» የምትል አንዲት መስመር ያስቀድማል። ሥዕል ነው ይላል፣ ድምፅ ነው ይላል፣ ሰነድ ነው ይላል። ይህን የሚያውቀው ፋይሉን ከፍቶ አይቶ አይደለም። የፋይሉን ስም ያነብና የመጨረሻዋን ነጥብ ይፈልጋል፤ ከነጥቧ በኋላ ያለችውን ጭራ ይይዛል። በመጽሐፍ ቅጥያ ትባላለች፤ እኔ ጭራ ማለቱ ይቀለኛል። ከዚያ በግራ ጭራዎች፣ በቀኝ ዓይነቶች የተጻፉበት አንድ ረጅም ዝርዝር አለው፤ እሱን ይመለከታል። ጭራዋ ፒዲኤፍ ከሆነች ሰነድ ነው ብሎ ይልካል። ጭራዋን በዝርዝሩ ካጣት እንደ ሰርቨሩ አሠራር ነው፤ ወይ ዓይነቱን ሳይናገር ዝም ብሎ ይልከዋል፣ ወይ «ምንነቱ ያልታወቀ» የሚል ስም ይሰጠዋል።

የእኛ አገር ገበሬ ጤፉን ለገበያ የሚጭነው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከላይ ዩሪያ ይላል፤ ውስጡ ነጭ ጤፍ ነው። የእብናት ነጋዴ የከረጢቱን ጽሑፍ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከሥር ያወጣና መዳፉ ላይ ያየዋል። ሰርቨር እጁን አይሰድም፤ ጽሑፉን ብቻ ያነባል። እጁን የሚሰደው በሰውየው ስልክ ላይ ያለው ብራውዘር ነው። ሰርቨሩ ዓይነቱን ሳይናገር የላከ እንደሆነ፣ ብራውዘሩ የፋይሉን መጀመሪያ ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ሰነድ መሆኑን ካወቀ ይከፍተዋል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግ እውቀት የለም።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ነገሩ በሆነበት ዓመት መዝገብ ቤት አንዲት ሴት ተቀጠረች። ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ትበልጣለች። ሰባት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ስትሄድ ጡት ያልጣለች ልጅ ለእናቷ ትታ ነበር፤ ስትመለስ ልጅቱ አያቷን «እማ» እያለች፣ እሷን እንደ እንግዳ ሰርቃ የምታይ ሆና ጠበቀቻት። እናቷ እየደከሙ ነው። የቅጥሯ ነገር ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ፣ ከዚያ ግምገማ፣ ከዚያ ወይ ቋሚ ወይ ስንብት። ቋሚ ከሆነች ትቀራለች። ካልሆነች ተመልሳ ትሄዳለች፤ ሌላ የምታውቀው መንገድ የለም። ይህን ከማንም አልደበቀችም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒውተሯን ሳስተካክልላት «ወንድምዓለም፣ ይችን ስድስት ወር ብቻ ካለፍሁ ልጄን አገኛታለሁ» አለችኝ።

ሥራውን ያስተማሯት ያን ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ከአብነት ትምህርት ቤት የወጡ ሰው ስለሆኑ እጅ ጽሕፈታቸው የቁም ጽሕፈት ነበር፤ ማስታወሻ ቢጽፉልህ ለመጣል ያሳዝናል። እሳቸው ዘንድ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። የደብዳቤ መዝጊያው ቀኑ ነው፤ ቀኑም በዓ.ም ይዘጋል፤ ከዓ.ም በኋላ ምንም አይጻፍም። ባዶ ቦታ ከቀረ በመስመር ይደፈናል። ለምን ቢሏቸው «ልጄ፣ ከዓ.ም በኋላ የተጻፈ ነገር ሌላ እጅ የጨመረው ነው። ተፈጸመ ማለት ተፈጸመ ነው» ይሉ ነበር። በዕድሜያቸው ከቀኑ በታች አንድ መስመር ተጨምሮበት የሰው መሬት የሄደበትን ወረቀት አይተዋል፤ ሕጉ ከዚያ የመጣ ነው። እሷም ሕጉን እንደ ጸሎት ያዘችው። ትጉህ ሠራተኛ ነበረች፤ ጠዋት ቀድማኝ የምትገባ እሷ ብቻ ናት።

ከሥራዋ አንዱ ማኅተም የተመታበትን ማስታወቂያ ስካን አድርጎ፣ ስም ሰጥቶ ድረ ገጹ ላይ መጫን ነበር። አንድ ቀን ስም ስትሰጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትንሽ መስኮት እንደሚወጣባት ነገረችኝ። በሌላ ቀን ደግማ ነገረችኝ። ሁለተኛው ጊዜ መሆኑ ነው። ከወንበሬ ሳልነሣ «እሺ በይውና እለፊ፤ ለእያንዳንዱ እሺ እኔን አትጥሪኝ» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ስለ መስኮቱ አንሥታ አታውቅም።

አራት ወር ያህል ሁሉ ነገር ደኅና ሄደ። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሰው በስልኩ ያነባል፣ ከእብናትም ከይፋግም ወጣቶች በቀጠሮ ቀናቸው ይመጣሉ። ከዚያ እኔ አሮጌውን ሰርቨር በአዲስ ቀየርሁት። ስለ ደኅንነት የሚያስተምር አንድ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አውርጄ፣ የሚለውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ፈጸምሁ። ከተባሉት አንዱ ብራውዘሮች የፋይልን ዓይነት በራሳቸው እንዳይገምቱ የሚከለክል መስመር ነበር። ክልከላው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ተንኮለኛ ሰው መጥፎ ፋይል በሥዕል ስም እንዳያሳልፍ ይጠቅማል። አዲሱ ሰርቨር ደግሞ የማያውቀውን ጭራ ሲያገኝ እንደ አሮጌው ዝም አይልም፤ «ምንነቱ ያልታወቀ» ይላል። ሁለቱንም አስገባሁ፤ የራሴን ስልክ አውጥቼ የመጀመሪያውን ገጽ ከፈትሁት፤ ተከፈተ። በሥራዬ ረክቼ ቤቴ ሄድሁ። ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ልሞክራቸው አላልሁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቅሬታው የጀመረው በማግስቱ ነው። ማስታወቂያው አይከፈትም፤ ስልኩ አውርዶ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ሲነኩት ምን እንደሆነ አላውቅም ይላል። ደዋዮቹ የሚደውሉት መዝገብ ቤት ስለሆነ እሷ ወደ እኔ መጣች። እኔም አዲስ ሰርቨር የተከለ ሰው ኩራት ነበረብኝና «ስትጭኚ እየነካካሽ አበላሽተሽው ይሆናል፤ ደግመሽ ጫኚው» አልኋት። ደግማ ጫነችው። አሁንም አልተከፈተም። «አረብ አገር በምጣድ ነው እንዴ ኮምፒውተር የምትማሩት?» ብዬ ሰው ፊት ቀለድሁባት። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የምዝገባው ሳምንት በዚህ መሐል ገባ። የተጠሩት ሰልጣኞች ስም ዝርዝር ወጣ፤ የማይከፈት ስም ዝርዝር። ምዝገባው በተዘጋ በሁለተኛው ቀን አንድ አባት ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ዱላቸውን እንደያዙ፣ ልጃቸውን አስከትለው ከእብናት መጡ። ልጅቱ ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ቦታዋ ግን ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። አባትየው ዲኑ ቢሮ ቆመው «ልጄ ስልኳን ስትነካካ ሰነበተች፤ አልከፈት አላት። ኋላ መጥተን እንየው ብለን መጣን። ምኑ ላይ ነው ጥፋታችን?» አሉ። ዲኑ ዝርዝሩን ደግመው ገለጡ። አባትየው ጥቂት ጠብቀው «እንግዲህ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ፤ ልጅቱ ተከተለቻቸው። ዲኑ ያን ዕለት ያልጮኹበት ሰው የለም። የሴትየዋ ግምገማ ለሐሙስ ተቀጥሮ ነበር፤ የማስታወቂያው ጉዳይ አብሮ እንዲታይ አዘዙ፤ እኔም ገብቼ እንዳስረዳ ታዘዝሁ።

ረቡዕ ጠዋት አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳይኝ» አልኋት። ይህን ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱን ስካን አደረገች። ለፋይሉ ስም ሰጠችው፤ መጀመሪያ ጉዳዩን ጻፈች፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ ዓመቱን፣ በመጨረሻም ዓ.ም። ከዚያ ጠቋሚውን ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ኮምፒውተሩ ከኋላ የቀጠላትን ነጥብ ፒዲኤፍ አንድ በአንድ ሰረዘቻት። መስኮቱ ወጣ። እሺ አለችው።

«ቆይ፣ ቆይ። ምንድን ነው ያጠፋሽው?»

«ይችን ነዋ» አለች። «ከዓ.ም በኋላ ምን ይጻፋል?»

ሳቄ መጣ። ሰርቨሩ የመጨረሻዋን ነጥብ ሲፈልግ የሚያገኘው በ«ዓ» እና በ«ም» መካከል ያለችውን ነው፤ ጭራ ብሎ የሚይዘውም «ም»ን ብቻ። በዓለም ላይ ባለ በየትኛውም ዝርዝር «ም» የሚባል የፋይል ዓይነት የለም። ሽማግሌው ኃላፊ ደብዳቤን ከሐሰተኛ እጅ ሊጠብቁ የዘጉት በር ሰርቨሩን ውጭ አስቀረው። በሳቄ መካከል እሷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምሠራው እንዲህ ነው» አለች። «ታዲያ እስከ ሰሞኑ ድረስ እንዴት ይከፈት ነበር?»

ሳቄ ቆመ። አራት ወር ሙሉ ጭራ የሌላቸው ፋይሎች ሲከፈቱ የኖሩት አሮጌው ሰርቨር ዝም ስለሚል፣ ብራውዘሩም እጁን ሰዶ ስለሚያይ ነው። እጅ መስደዱን የከለከልሁ እኔ ነኝ። መስኮቱንም እሺ በይው ያልሁ እኔ ነኝ። ሦስቱም ነገር ባንድ ጊዜ ገባኝ።

«ረጅም ነገር ነው» አልኋት። «ብቻ ከእንግዲህ ጭራዋን አታጥፊ።»

ሐሙስ ስብሰባ ገባን። እሷን ስለ ሥራዋ ጥቂት ጠየቋትና ኮሪደር እንድትጠብቅ አስወጧት። ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ። «እህ፣ ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው ወይስ የሠራተኛዋ? በአጭሩ።»

እኔም «ሰርቨሩ የፋይሉን ጭራ አይቶ…» ብዬ ጀመርሁ።

«ጭራ?» አለ የፋይናንሱ ኃላፊ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ሆነ።

«በአጭሩ ብያለሁ» አሉ ዲኑ።

ከወር በፊት እኒሁ ዲን «ይህ ሰርቨር ራስ ምታት ከሆነ ባሕር ዳር ላሉ ድርጅቶች እንስጠውና እንገላገል» ብለው ነበር። ሰርቨሩ ከሄደ እኔ የምቀረው ወረቀት ከሚያኝከው ፕሪንተር ጋር ነው። ያን አሰብሁ። የእሷን ልጅም አስቤ ነበር፤ አላሰብሁም ብል ሐሰት ነው። ሁለቱን አሰብሁና «ፋይሎቹ የተሰየሙት ትክክል ባልሆነ መንገድ ነው» አልሁ።

ውሸት የለበትም። ቃል በቃል እውነት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ግን ይኸው ነው። ዲኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጸሐፊው ጻፈ። ስንወጣ እሷ ኮሪደሩ ውስጥ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማ ነበር። ፊቴን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ መንገድ ለቀቀችልኝ። የስንብት ደብዳቤው ዓርብ ደረሳት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ ክፍል ገብቼ በዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር ጨመርሁ፤ ጭራው «ም» የሆነ ፋይል ሰነድ ነው የምትል። የወሰደችብኝ ጊዜ አንድ ሻይ አያስጠጣም። ስልኬን አውጥቼ የእሷን ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ ነካሁ። ሁሉም ተከፈቱ። ስሞቻቸው ንጹሕ ነበሩ፤ ጉዳይ፣ ቀን፣ ዓመት፣ አንድም የተዛነፈ የለም። ቅሬታው በጀመረ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አይቼ ይችን መስመር ብጨምር ኖሮ ለግምገማው የሚቀርብ ችግር ራሱ አይኖርም ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሰኞ ጠዋት በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ዲኑ ስለ ማስታወቂያው አነሡ። «ሠራተኛዋ ከተሰናበተች ወዲህ አንድም ቅሬታ አልመጣም» አሉ። «ችግሩ የት እንደነበር አሁን ለሁላችንም ግልጽ ሆኗል። ባለሙያችንንም እናመሰግናለን።» ተጨበጨበልኝ። እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። የሠራሁት ማስተካከያ በእሷ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ እኔ ደግሞ ለዚያ አጎነበስሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ ያፈርሁበት ቀን የለም። ቁጣ የለመደ ሰው ነኝና መጀመሪያ በዲኑ ተቆጣሁ፤ ቆይቼ በፋይናንሱ ኃላፊ፤ ቆይቼ በሽማግሌውና በዓ.ማቸው። ሁሉንም ዞሬ ስጨርስ የቀረው ሰው አንድ ነበር።

በምሳ ሰዓት ቤቷ ልሄድ ስወጣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ፎቶ ቤት በር ላይ አየኋት። ዝናብ እያካፋ ነበር። በነጭ መጋረጃ ፊት ተቀምጣ ፎቶ አንሺው «ጆሮሽ ይታይ፣ ነጠላሽን ወደ ኋላ አድርጊው» ይላታል። እንዲያ ያለ ፎቶ ለምን እንደሚነሡት ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ የለም። እስክትጨርስ ከበረንዳው ቆየሁ።

ስትወጣ ሁሉንም ነገርኋት። ስለ አሮጌው ሰርቨር፣ ስለ አዲሱ፣ ስለ ከለከልሁት ነገር፣ ስለ መስኮቱ፣ ሐሙስ ስላልሁትና ስላላልሁት፣ ዛሬ ስለተጨበጨበልኝም። በመሐል አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ፎቶዎቹን በፖስታቸው አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«‹ረጅም ነገር ነው› ያልኸኝ ዕለት አወቅሁ። አጭር የነበረ ነገር ነው ድንገት የረዘመብህ።» ነጠላዋን ወደ ፊት መለሰችው። «አረብ አገር፣ ያችዬ አሠሪዬ ሴትዮ ቤት ሳለሁ ካውያው ልብስ ቢያቃጥል፣ ካውያው ተበላሽቶ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ የለም። አቃጣይዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። እዚህ አገሬ ግን የሚጠይቅ አለ ብዬ ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እዚህም አለ ለካ።»

«ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ» አልኋት። «የሆነውን በሙሉ ጽፌ፣ ፈርሜ ልስጥሽ። ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ።»

«ወረቀት አልፈልግም። ወረቀት መዝገብ ቤት ይገባል፤ መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ስንት ወር እንደሚተኛ እኔ አውቃለሁ። እኔን ለአረብ አገር ጉዞ የሚጠሩኝ በአሥር ቀን ውስጥ ነው። በተናገርህበት ቦታ ተናገር። እኔም እገኛለሁ።»

በቀጣዩ ሰኞ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ገባች። በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ተቀመጠች። ዲኑ መነጽራቸውን አውልቀው «ምን ፈልገሽ ነው የእኔ እመቤት?» አሏት። በአገጯ ወደ እኔ አመለከተችና «እሱ ይናገራል» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ፤ ድምፅ ማጉያው ያፏጨ ያህል። ተነሣሁ።

«ማስታወቂያዎቹ እንዳይከፈቱ ያደረግሁ እኔ ነኝ» አልሁ። ከዚያ ቀሪውን ተናገርሁ። ፋይሎቹን የሰየመችው ያስተማሯት ሰው ባሳዩዋት መንገድ እንደሆነ፣ ስለ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ ያባረርኋት እኔ እንደሆንሁ፣ ሥራዋ አራት ወር ያለ እንከን ሄዶ የተሰናከለው እኔ ሰርቨሩን በቀየርሁ ዕለት እንደሆነ። ጭራ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ በዚያን ዕለት የሳቀ የለም።

«ሐሙስ ዕለት ይህን ታውቅ ነበር?» አሉ ዲኑ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ፈርቼ። ሰርቨሩን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ።»

ዲኑ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «የእብናቷ ልጅስ?» አሉ። ልጅቱ በቀጣዩ ቅበላ ቅድሚያ እንድታገኝ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ አንድ ዓመቷ ግን ሄዷል፤ የሚመልሰውም የለም። አባቷ ዘንድ ደውዬ የነገርሁት እኔ ነኝ። «ደግ፣ እንግዲህ ይሁን» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ስንብቱ ተሰረዘ፤ ቋሚ ቅጥሯ ጸደቀ። ለእኔ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ማስጠንቀቂያውን ቁጥር ሰጥታ፣ ማኅተም መትታ፣ ማኅደሬ ውስጥ ያስገባችው እሷው ናት። ሰርቨሩን እስከ ዛሬ አልወሰዱብኝም።

ሥራ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ገባሁ። ሰው አልነበረም። ወንበሩን ስቤ ሳልቀመጥ፣ ቆሜ፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከእጇ ያለውን ወረቀት አስቀመጠች።

«ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። «ብቻ አንድ ነገር እወቅ። ሻንጣዬን ከቆጡ ካወረድሁበት ቀን ጀምሮ ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም። እንዳልዘጋው ብላ እየገባችበት ነው የምትተኛ። ሥራዬ ተመለሰልኝ፣ አልሄድም ብዬ ነገርኋት። አላመነችኝም። ትናንትም እዚያው አደረች።»